ብድግ የማይባልበት ሜዳ

ከዚህ በታች ከተጻፈው ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ እኔ ልሙት፤ ያውም በቁሜ፣ ያውም በግንቦት፣ ያውም በጉርዶ ሜዳ መካከል። የጉርዶ ሰው ከዚህ የከበደ መሐላ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ታሪኩን ያነበበ ይደርስበታል።

ጉርዶ ከደጋው በላይ ያለ ደጋ ነው። ሜዳው ከመስፋቱ የተነሳ ከአንዱ ዳር ሩጫ የጀመረ ቡችላ ሌላው ዳር ሲደርስ አርጅቶ ይደርሳል ይባላል። ዛፍ የሚባል ነገር አልበቀለበትም፤ ከጓሳ ሣሩና እዚህም እዚያም እንደ ዘብ ከተገተረው የጅብራ ተክል በቀር ከሰው ጉልበት በላይ ከፍ ያለ ነገር አይታይበትም። ወደዚህ አገር በግንቦት የሚሄድ እንግዳ ታዲያ የሚገጥመውን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል። ሰዎች ሰብሰብ ብለው ወደተቀመጡበት ሲጠጋ ማንም ከመቀመጫው ንቅንቅ አይልለትም። ቄስ ቢሆን አይነሱለትም፤ ዳኛ ቢሆን አይነሱለትም፤ አማት እንኳ ብትመጣ፣ አማት እኮ ነው የምላችሁ፣ ሙሽራው ቁጢጥ እንዳለ ይጠብቃታል። ከመነሳት ይልቅ የተቀመጡት ሁሉ ባንድ ድምፅ «ዝቅ!» ይላሉ፤ መጤውም እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ብሎ «ዝቅ ብያለሁ» ሲል ነው ሰላምታው የሚጀመረው። ይህን ማንም ያልነገረው አንድ አዲስ ሹም በግንቦት ስብሰባ ጠርቶ፣ ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳው ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲጠብቀው ባየ ጊዜ፣ ሕዝቡን ሆድ በሽታ የፈጀው መስሎት ሐኪም በአስቸኳይ እንዲላክ አዝዟል ይባላል።

የቆላ ጎረቤቶቻቸው በዚህ የተነሳ «ያልተገሩ ደገኞች» ይሏቸዋል። ጉርዶዎች ሰማዩን ቀና ብለው ያዩና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ግን የጉርዶን ሰው ያህል ጨዋ በጥንት ዘመን ከፀሐይ በታች አልነበረም፤ መዓቱንም ያመጣባቸው ጨዋነታቸው ነው።

በሌላው አገር ሰው ሲመጣ ከመቀመጫ ጣት በምታህል ስፋት ከፍ ብሎ «ኖር» ማለት፣ መጤውም «በእግዜር» ብሎ መመለሱ በቂ ነው። በጉርዶ ይህ ስድብ ነበር። ጉርዶ ሲነሳ እስከ ጥፍሩ ይነሳል፤ ከተቻለም በእግር ጣቱ ይቆማል። ጥጃ ወደ ቤት ቢገባ ባለቤቱ ይከተል ይሆናል ተብሎ ይነሱ ነበር። ሁለት የጉርዶ ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙማ አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው ይነሳለታል፣ የተነሳለት ሰው ደግሞ አፍሮ ይነሳል፣ «ይቀመጡ እንጂ!» «እርስዎ ሳይቀመጡ?» ሲባባሉ የሄዱበት ገበያ ይበተን ነበር ይባላል።

እንዲህ ያለ ሕዝብ ነጎድጓድ ሲመጣ ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል? ተነሳለት። አንድ ግራዝማች ጉሮሮውን ጠርጎ ሲያልፍ ተቀምጦ መቆየት ነውር ከሆነ፣ ሰማይን አንቀጥቅጦ ለሚመጣው ጌታማ እንዴት ተኩኖ ይቀመጣል? ስለዚህ የግንቦት ጉርምርምታ ከተሰማ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጦር ያለው ጦሩን፣ ጦር የሌለው ማረሻውን ሽቅብ ይይዛል።

ግንቦት ደግሞ በጉርዶ ውሸታም ወር ነው። ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ረፋዱ ላይ ከቆላው ገደል ሥር ትኩስ አየር ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፤ በዚያ በኩል እፍኝ የማትሞላ ነጭ ደመና ብቅ ትላለች። ዞር ብሎ በጎቹን የመለሰ ሰው ቀና ሲል ያቺ እፍኝ ደመና ተራራ አክላ፣ በራሷ ላይ ሌላ ተራራ ተሸክማ፣ ሆዷ ጠቁሮ ያገኛታል። ክፋቱ ደግሞ ዝናቡን አለመጠበቁ ነው፤ ፀሐይ ገና ጀርባን እያሞቀች፣ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ፣ መብረቁ ከደመናው ቀድሞ ይደርሳል። ሲደርስም ቀጥ ብለው ከቆሙት ጨዋዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ይዞ ይሄዳል።

ጉርዶዎችም ሬሳውን ከበው ይመክራሉ። ምክራቸውም ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ዘግይቶ ተነስቶ ነው!» በሚመጣው ዓመት ይበልጥ ይፈጥናሉ፣ ይበልጥ ቀጥ ይላሉ፣ ጦራቸውን ያስረዝማሉ። ሰማዩም ይበልጥ ይወስዳል።

በዚህ ዘመን ነው እንግዲህ ይመኙሻል የምትባል ሴት በጉርዶ የምትኖረው። ይመኙሻል እጅግ ወፍራም ነበረች። ሰርግ ቤት ስትቀመጥ ከአግዳሚው ጫፍ ያሉት ሰዎች ሳይወዱ በግዳቸው እየተንሸራተቱ ወደ እሷ ይመጡ ነበር፤ ጠባብ በር ካየች አልገባም ብላ ሳይሆን ለቤቱ አዝና ትመለሳለች። ባሏ ደርበው ቀልደኛ ሰው ነበር፤ «ሌላው ሰው ሚስት አለው፣ እኔ አገር አለኝ» ይል ነበር ይባላል።

አንድ የግንቦት ቀን ባልና ሚስት ከጎረቤቶቻቸው ራቅ ብለው ለቤት ክዳን ጓሳ ያጭዱ ነበር። ነጎድጓዱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ተነሳ፤ ይመኙሻልም ተነሳች። ደርበው ግን የነዶውን ማሰሪያ እያጠበቀ ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። እሷም በእግሯ ጎኑን ነካ አደረገችው።

«ተነስ እንጂ፤ ሰው ያያል!»

«እሺ አገሬ፣ ተነሳሁ» አላት እየሳቀ። ተነሳ። የተነሳው ያንኑ ያህል ነው፤ ወገቡን አቅንቶ ሳይጨርስ ዓለም ነጭ ሆነ፤ ይመኙሻል ዓይኗን ስትገልጥ እጆቿ የእሱን ነዶ ታቅፈዋል፣ እሱ ግን የለም።

ጎረቤቶቹ ከሩቅ ያዩት ሌላው ሲነሳ እሱ መቀመጡን ብቻ ነው። ስለዚህ «ያልተነሳው ደርበው» ተባለ፤ ቤቱም የተቀማጭ ቤት ተባለ። ለይመኙሻል ከዚያ በኋላ ማንም ተነስቶ አያውቅም። ወደ ሰው ቤት ስትገባ «ኖር» የሚላት ጠፋ፤ እንደ ነፋስ ትገባለች፣ እንደ ነፋስ ትወጣለች፤ ያን የሚያህል አካል ይዛ የሚያያት የለም። ቆሞ ነበር እኮ ማለት ትችል ነበር። ግን ቆሞ ነበር ካለች ማን እንዳስነሳው መናገሯ ነው፤ ይህ ደግሞ በጉሮሮዋ አልወጣ አለ። ስለዚህ ግንቦት በመጣ ቁጥር መላ ታጣለች፤ ደጅ ወጥታ ወደ ገደሉ ታያለች፣ ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ያለሰላም ትነሳለች፣ እንደገና ትወጣለች። በዚያ ወር በቤቷ ደጃፍ ሣር በቅሎ አያውቅም ይባላል።

ማንያዘዋል የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። እሱ በበኩሉ ረጅም ወጣ። ከቁመቱ የተነሳ ጎጆው ውስጥ ሲተኛ እግሩ ደጅ ያድር ስለነበር፣ እናቱ ጅብ እንዳይቀጥፍበት ድንጋይ ደርድራ ትከልለው ነበር። ጎረምሳው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ አንድ ነገር ብቻ ሞልቶት አደገ፤ የተቀማጭ ልጅ መባልን ማጥፋት።

የአገሩ ገዥ በዚያ ጊዜ ግራዝማች እንግዳወርቅ ይባሉ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችግራቸው የሚያምኑትን ማመናቸው ነው። በየግንቦቱ ሜዳው ለከብት ግጦሽ በሚከፈትበት ቀን ሕዝቡን ሰብስበው፣ የአገሩን ረጅም ጦር አንድ ጎረምሳ አስይዘው፣ ነጎድጓዱን በክብር ይቀበሉ ነበር። ጦሩ ከመርዘሙ የተነሳ ጫፉን የሚወለውለው አሞራ ነው ይባላል። በዚያ ዓመት ግራዝማች የማንያዘዋልን ቁመት አዩና ወደዱት።

ልጁ ዜናውን ይዞ በሩጫ ገባ፤ እንደ ልማዱም ግንባሩን ከበሩ ጉበን ጋር አጋጨ።

«እማዬ! ጦሩን ለእኔ ሰጡኝ!»

«የትኛውን ጦር?»

«የትኛውን ትላለች እንዴ! ረጅሙን ነዋ። ከግራዝማች ቀጥዬ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ የተቀማጭ ልጅ የሚለኝን አያለሁ!»

«አባትህ አልተቀመጠም» አለች ይመኙሻል።

«ታዲያ ለምን ወሰደው?»

አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። መልሳ ዘጋችው።

«አየሽ?» አለ ልጁ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «አንቺም ታውቂዋለሽ።»

በማግስቱ ወደ ግራዝማች ግቢ ሄደች። ደጃፉ ላይ የቆመው አጋፋሪው ጫኔ ነበር፤ ሥራው ባለጉዳይ ማስገባትና ትልቅ ሰው ሲመጣ «ብድግ!» ብሎ መጮህ ነው። አጭር ሰው ነበር፤ ድምፁ ግን ከቆላ ማዶ ያለ በሬ ያስደነብራል። ይመኙሻልን ሲያይ ወደ ውስጥ ዞሮ ጮኸ።

«ጌታዬ፣ የተቀማጭ ሚስት መጥታለች! ልነሳላት ወይስ አብሬያት ልቀመጥ?»

ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ይመኙሻል ሳቁን ረግጣ ገባች።

«ጌታዬ፣ ልጄን ይተዉልኝ።»

«አንቺ ሴት፣ ላዋርደው መሰለሽ? ላከብረው እኮ ነው!»

«አያክብሩብኝ። ሌላ የሚከበር ልጅ ይፈልጉ።»

ግራዝማች ተገረሙ። «ያን ጦር ለልጄ ይስጡልኝ ብሎ ደጅ የሚጠና እንጂ ይንሱኝ ብሎ የመጣ አይቼ አላውቅም።»

«እስካሁን የያዙት የት ደረሱ?»

ሳቁ ቆመ። አጋፋሪ ጫኔ ከደጅ አንገቱን አሰገገ።

«እነሱማ ዘግይተው ተነሱ» አሉ ግራዝማች።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንድም የፈጠነ አልነበረም?»

«ቢኖርማ በሕይወት ይኖር ነበር!» አሉ ግራዝማች፣ ነገሩ ለራሳቸው በጣም ግልጽ ሆኖላቸው። ከዚያም አዘኑላት መሰለኝ ለስለስ አሉ። «አይዞሽ። ዘንድሮ እኔ ራሴ በበቅሎዬ ላይ ሆኜ፣ እርካቡ ላይ ቆሜ ነው የምቀበለው። ከልጅሽ በላይ እሆናለሁ። በይ ሂጂ።»

ያ ቀን ደረሰ። እንደሚነገረው ጠዋቱ ከማማሩ የተነሳ ሰው ጥላውን እያየ ይኮራ ነበር። ነገር ግን ከብቶቹ ቀድመው አወቁ። በጎቹ ሣሩን ትተው ራስ ለራስ ገጥመው ቆሙ፤ ፈረሶቹ ያለምክንያት ይራገጣሉ፤ ዝንቡ ካይን አልሸሽ አለ። አየሩ ከበደ፤ ላብ ይመጣል እንጂ ነፋስ አይመጣም። ሰዉም ሳይታወቀው ተቁነጠነጠ፤ ባልና ሚስት በሆነ ባልሆነው ተጨቃጨቁ፤ ሁለት ወንድማማች ሽማግሌዎች የማን በግ ቀድሞ ይሰማራ በሚል በትር ተማዘዙ። ይመኙሻል ከሰው መካከል ተቀምጣ ወደ ገደሉ ታያለች፤ ደግሞ ወደ ልጇ ታያለች። እፍኝ የምታህለዋ ደመና ወጣች። ልጇን አየች። ተመልሳ ስታይ ደመናዋ ግማሹን ሰማይ ይዛለች።

ጉርምርምታው መጣ፤ መጀመሪያ ከእግር በታች እንጂ ከላይ አይመስልም ነበር።

«ብድግ!» አለ አጋፋሪ ጫኔ።

የጉርዶ ሰው ሁሉ ባንዴ ተነሳ። መነሳቱ ራሱ ነፋስ ፈጥሮ የሴቶቹን ነጠላ አውለበለበው ይባላል። ግራዝማች በዳማ በቅሏቸው እርካብ ላይ ቆሙ። ማንያዘዋል ከጎናቸው ጦሩን ሽቅብ ይዞ፣ ያን የመሰለ ቁመቱን በእግር ጣቱ ጨምሮበት ተገተረ።

ይመኙሻል አልተነሳችም።

«ተነሺ እንጂ አንቺ!» አለቻት አንዲት ጎረቤቷ በጥርሷ መካከል።

«ባሏ አልበቃ ብሏት ነው» አለ አንዱ።

«የዘር ነገር ነው፣ መቀመጥ ከነሱ አይወጣም!» አለ ሌላው፤ ሳቁም ከረድፍ ወደ ረድፍ ሄደ።

እሷ አትሰማቸውም። የምትሰማው ሌላ ድምፅ ነበር። ከጦሩ ጫፍ እንደ ንብ ቀፎ ያለ ጥዝዝታ ይመጣል። ቀና ስትል የልጇ ፀጉር፣ ያ ጠዋት በቅቤ ያለሰለሰችው ፀጉር፣ ዘለላ ዘለላው ለብቻው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ቆሟል። ፀጉሩም ተነስቷል። ልጁ አላወቀም፤ ፊቱ ላይ ደስታ ነበር።

ያን ጊዜ ይመኙሻል ከተቀመጠችበት እንዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። ግማሹ ሚዳቋ ሆነች ይላል፣ ግማሹ በእንብርክኳ ነው ይላል። ብቻ የልጇን ሁለት ቁርጭምጭሚት አንቃ ጎተተችው፤ ጦሩ ተፈናጥሮ ሣሩ ላይ ተጋደመ፤ ልጁ በጀርባው ወደቀ፤ እሷም ደረቱ ላይ ተቀመጠችበት። በሙሉ። ከአገር ሁሉ ፊት።

«እማዬ! አዋረድሽኝ!»

«ኑርና ተዋረድ!»

«ተነሺልኝ! እባክሽ ተነሺ፣ ሰው ያያል!»

ይህች ቃል ይመኙሻል ራሷ ለደርበው ያለችው ነበረች። ስትሰማት ይበልጥ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ይየን» አለች። «ደህና አድርጎ ይየን።»

ቃሏን ሳትጨርስ ሰማዩ ተሰነጠቀ። መብረቁ ጦሩን ፈልጎ አጣውና ከግራዝማች ጎን ያለው ጅብራ ላይ ወረደ። ጅብራው እንደ ችቦ ነደደ፤ ዳማይቱ በቅሎ በአራት እግሯ ባንዴ ዘለለች፤ ያን ዕለት ወደ ቆላ እንደወረደችም እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ግራዝማች እንግዳወርቅ ደግሞ ወደ ላይ ሄዱ። ምን ያህል እንደወጡ ሽማግሌዎች አይስማሙም፤ ሲወርዱ ግን ግራ ጢማቸው ተለብልቦ፣ በሆዳቸው፣ ፊታቸው ጭቃ ውስጥ ተተክሎ እንደነበር ሁሉም ይስማማል።

አሁን ነው እንግዲህ መከራው። ሕዝቡ እንደቆመ ነው። ደመናው ከላዩ ነው። ጦሮቹ ሁሉ አንድ በአንድ መጠዝጠዝ ጀምረዋል። «ተቀመጡ!» ትላለች ይመኙሻል ከልጇ ላይ ሆና፤ «ዝቅ በሉ እናንተ ሰዎች!» የተቀማጭ ሚስትን ማን ይሰማል? ሁሉም ለመፍጠን ይበልጥ ቀጥ አለ። እናቶች ልጆቻቸውን ሽቅብ ያዙ።

አጋፋሪ ጫኔ ግን ዓይኑ ከጌታው ላይ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የተማረው አንድ ትምህርት ነው፤ ከጌታው በላይ ማንም አይሆንም። ጌታው ሲቀመጡ ይቀመጣሉ፣ ጌታው ሲቆሙ ይቆማሉ። አሁን ጌታው በሆዳቸው ተኝተዋል፤ አገር ሁሉ ደግሞ ከበላያቸው ቆሟል። እንዲህ ያለ ነውር በጉርዶ ታይቶ አይታወቅም። ደሙ ፈላ።

«ግራዝማች ወርደዋል!» ብሎ በሬ በሚያስደነብረው ድምፁ ጮኸ። «ከጌታው በላይ የሚቆም ማነው? ዝቅ! ዝቅ በል ባለጌ!»

የጉርዶ ሰው ለሞት አልደነገጠም፤ ባለጌ መባልን ግን አልቻለም። ሁሉም ባንዴ ወረደ። ጦሩ ተጋደመ፣ ማረሻው ተጣለ፣ ሽማግሌው ቁጢጥ አለ፣ አሮጊቷ ቁጢጥ አለች፤ አጋፋሪውም የመጨረሻውን «ዝቅ!» ብሎ ከጌታው አጠገብ ራሱን በጉልበቶቹ መካከል ቀበረ። መብረቁም ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲፈልግ፣ ቁመት ያለው ሰው አጥቶ ቁጣውን በጅብራዎቹ ላይ ተወጣ። ከዚያ በረዶው ወረደ። የበግ ራስ የሚያህል ነበር፤ አንዷ ፍሬ እስከ መስከረም ሳትሟሟ ቆይታ ልጆች ለበዓል ተቀምጠውባታል ይባላል።

ደመናው አልፎ ፀሐይ ወጣች። ማንም አልተነሳም። ግራዝማች ገና ጭቃ ውስጥ ስለሆኑ ቀድሞ ለመነሳት የደፈረ አልነበረም፤ ግራዝማች ደግሞ ለመነሳት ፈርተው፣ መፍራታቸውንም ለመናገር አፍረው «ሆን ብዬ ነው የተኛሁት» አሉ ወደ መሬቱ። ጅብራዎቹ ይጨሳሉ። ሰው ጎንና ጎኑን ቆጠረ። የጎደለ የለም። ግንቦት መጥቶ ሲሄድ የጎደለ ያልነበረበት ዓመት ማንም አያስታውስም።

ያን ጊዜ ይመኙሻል ተናገረች። አልጮኸችም፤ ቢሆንም ሜዳው ሁሉ ሰማት።

«ደርበው ቆሞ ነው የሞተው። ተቀምጦ ነበር፣ ተነስ አልኩት። ሰው ያያል አልኩት። ሲነሳ ወሰደው። ያስነሳሁት እኔ ነኝ።»

ማንያዘዋል ከሥሯ መንፈራገጡን አቆመ። አንዱን እጁን ከሥሯ አወጣና የቀሚሷን ጫፍ ያዘ።

«የኔም ወንድም ቆሞ ነበር» አለ አንድ ሰው ከወደ ጫፍ፣ ቁጢጥ እንዳለ። «ከሁላችንም ቀድሞ ነበር የተነሳው። አይቼዋለሁ።»

«አባቴም» አለች አንዲት ሴት።

«ልጃችንም በእግር ጣቱ ነበር የቆመው» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ ከጎናቸው ያሉት ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ።

ሁሉም አይቶ ነበር። ጎረቤቱ የሚለውን እየሰማ ያየውን ትቶ ኖሯል እንጂ ያላየ አልነበረም።

ግራዝማች እንግዳወርቅ ፊታቸውን ከጭቃው አወጡ። ጭቃቸውን አልጠረጉም። በአራት እግራቸው እየዳኹ ወደ ይመኙሻል መጡ፤ ሕዝቡ ምን ሊያደርጓት ነው ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። አጠገቧ ሲደርሱ ቁጢጥ አሉ፤ የተረፈችው ግማሽ ጢማቸው ትንቀጠቀጥ ነበር።

«ኖር» አሏት፣ ሳይነሱ።

ይመኙሻል ይህን ቃል ከሰማች ዘመን ሆኗታል።

«በእግዜር» አለች። ያን ጊዜ አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራዝማች ባወጁት አዋጅ፣ ከሚያዝያ ማገባደጃ ክረምቱ ጠቅልሎ እስኪገባ ድረስ በጉርዶ ሜዳ ለማንም ብድግ ማለት ተከለከለ። አጋፋሪ ጫኔም ሥራውን አላጣም፤ «ብድግ!» ሲልበት የነበረውን ድምፅ «ዝቅ!» እያለ ኖረበት። ረጅሙ ጦር የበግ በረት መወርወሪያ ሆነ። ማንያዘዋል አግብቶ ወልዷል፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም «እናቴ በአገር ፊት ተቀምጣብኛለች» እያለ ይፎክር ነበር እንጂ አያፍርበትም ነበር ይባላል።

ዛሬም ጉርዶን የሚያቋርጥ ሰው ከሜዳው መካከል ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ቦታ ያገኛል። የይመኙሻል መቀመጫ ይሉታል። ዝናብ ሲጥል ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ በግ ይተኛበታል፤ ያን ቀን በልጇ ላይ ስትቀመጥ መሬቱ ሰምጦ የቀረ ነው ይላሉ። ያገሩ እናቶች ደመናው ከገደሉ በኩል ብቅ ሲል ወደዚያ እያሳዩ ረጃጅም ልጆቻቸውን ስማቸውን ጠርተው ያስቀምጣሉ፤ ልጆቹም ያጉረመርማሉ፣ ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግንቦት አይለቀኝም። ይመኙሻል ወፍራም አልነበረችም። ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ከሲታ፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ሴት ነበረች ነው የሚሉት። ነገር ግን ያን የሚያህል ጎረምሳ፣ ነጎድጓዱ አልፎ፣ በረዶው አልፎ፣ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ከሥሯ መነሳት አልቻለም። ምን ከብዶት እንደቀረ ላስረዳችሁ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ውፍረቱን ከራሴ ጨመርኩላት።